የፕሉሮኒክ ጄል በባሕር ዳር ሙቀት ለምን ጓጎለ፣ እንዴትስ ተስተካከለ?

መድኃኒት ተሸካሚ ጄል ለማዘጋጀት ፕሉሮኒክ ኤፍ 127 የተባለውን ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የሆኑ ዱቄት) በ20 በመቶ መጠን በውኃ ስናሟሟ፣ በባሕር ዳር የከሰዓት ሙቀት ዱቄቱ ከላይ ነጭ ጓል እየሠራ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ አልሟሟም አለ። ማሞቂያ ላይ ሲጣድማ ባሰበት፤ የምታማስለው ማግኔት እንኳ መሽከርከሯን አቆመች።

ምክንያቱ የሞለኪውሉ ጠባይ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ውኃ ወዳድ ሲሆኑ፣ መካከለኛው ክፍል ግን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ከውኃ ይሸሻል፤ ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ማንም ሳያዛቸው ተሰባስበው ሚሴል የሚባሉ፣ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለኩ እንክብሎችን ይሠራሉ፤ እንክብሎቹ ሲጨናነቁም ፈሳሹ ወደ ጄል ይለወጣል። ስኳርና ጨው ማሟሟት የለመደ ሰው ሙቀት ሁሉን ያሟሟል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ውኃውን እስከ 4 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት መነስነስና ዕቃውን ከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ሆነ። ጠዋት አረፋው ጠፍቶ፣ ፈሳሹም ጠርቶ ተገኘ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት በረዶ የተሞላ ሣጥን ያገለግላል። መድኃኒቱም የሚጨመረው ፈሳሹ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ በ37 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት ራሱ ይረጋል፣ ቁስል ላይ ሲቀባ የሚፈለገውም ይኸው ነው።