ለኃይለኛ ንፋስ የሚሆን መጠለያ ክፍል ከቤታችን ውስጥ እንዴት እንምረጥ?

ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው ንፋሱን ያውቀዋል። መሀል ከተማ አንዱ ቤት ሌላውን ይጋርደዋል። ዳር ላይ ግን ሜዳ ነው፤ ንፋሱ የሚያግደው ሳያገኝ ጣሪያችን ላይ ይደርሳል። በረዶና መብረቅ ካስከተለማ ቤተሰቡ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚነፍስ አውሎ ንፋስ) የሚበዛባቸው እንደ ኦክላሆማ ያሉ የአሜሪካ ግዛቶች ሰዎች ለዚሁ ብለው መጠለያ ይገዛሉ ወይም ያስገነባሉ። የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ፌማ፣ በጣም በሚያሰጉት አካባቢዎች ክፍሉ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ንፋስ እንዲችል ይመክራል። እኛ ያን ያህል ወጪ ውስጥ መግባት የለብንም። የአመራረጥ ዘዴያቸው ግን በደንብ ይጠቅመናል።

1. ክፍሉን ምረጡ

ምድር ላይ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ መስኮት የሌለው ወይም አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው ይሁን። የጠባብ ክፍል ግድግዳዎች ተቀራርበው ይደጋገፋሉ። ብዙ ጊዜ ዕቃ ቤት ወይም መሀል ያለ መኝታ ቤት ይሆናል። ሳሎን አይሆንም፤ ሰፊ ነው፣ መስታወቱም ይበዛል። ቦታ አይበቃንም ብላችሁ አትጨነቁ። የአሜሪካኖቹ መለኪያ ለአንድ ሰው 0.3 ካሬ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስድስት ሰው 2 ካሬ ሜትር ላይ ይጠለላል።

ብሎኬት ስለሆነ ብቻ አትመኑት። ማዕዘኑ ላይ ፌሮ ያለው ኮለን (የኮንክሪት ቋሚ)፣ ከላይ ደግሞ ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) ከሌለው ግድግዳው ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከመስኮት ርቃችሁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ግቡ።

2. ጣሪያውን እሰሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ንፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል። በር ተበርግዶ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮው በሞራሌው (ቆርቆሮው በሚመታበት አግዳሚ እንጨት)፣ ሞራሌው በወራጁ (ሞራሌውን በሚሸከመው ዘንበል ያለ እንጨት)፣ ወራጁ በግድግዳው፣ ግድግዳው በመሠረቱ መያዝ አለበት። አንዱ ከላላ የሌላው ጥንካሬ ዋጋ የለውም። ንፋስ የጣለውን ጣሪያ ስታዩ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ሞራሌውን እንደያዘ ነው የሚገኘው። የቆርቆሮው ምስማር ሥራውን ሠርቷል፤ ሞራሌውን ከታች አጥብቆ የያዘው ግን አልነበረም።

ኮርኒሱን አንድ ጥግ ላይ አስከፍቱና በባትሪ እዩ። ባህር ዛፍ እርጥቡን ተመትቶ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ምስማሩ ይላላል። መጋጠሚያውን በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከተነቃነቀ ሌላ ምስማር መጨመር አይበቃም፣ ይታሰር። የማይዝግ ወፈር ያለ ሽቦ ደርባችሁ ሞራሌውንና ወራጁን አንድ ላይ ጠምጥሙ፤ ጫፉን በፒንሳ እያዞራችሁ ንቅንቅ እስከማይል አጥብቁ። ወራጁንም ከግድግዳው ቋሚ ጋር እንዲሁ። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ይቀላል፤ ቢሙ ሲሞላ ፌሮ ከላይ ወጥቶ እንዲቀር ለግንበኛው ንገሩት፤ በኋላ እንጨቱ ላይ ይታጠፋል።

ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እየሳሳ እንደሚሄድ አትርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። መገንጠል የሚጀምረው ከጠርዝ ስለሆነ እዚያ ምስማሩ ጠጋ ጠጋ ይበል።

ጣሪያ ላይ ድንጋይ የጫናችሁ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። ኃይለኛውን ንፋስ አያቆምም፤ ቆርቆሮው ሲነሳ ግን ሰው ላይ ይወርዳል።

3. በሩን አጠንክሩ

አንድ ቁልፍ ብቻ አይበቃም። ከላይና ከታች መቀርቀሪያ ይኑረው። ማጠፊያው ሦስት ቢሆን ጥሩ ነው።

4. ግቢውን አጽዱ

ትርፍ ቆርቆሮና ጣውላ እሰሩ ወይም አስገቡ። ማማ ላይ ያለ ባዶ ሮቶ በቀላሉ ይወድቃል። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ ማማው ጠንካራ ከሆነ ሞልታችሁ ያዙት፤ በርሜሉንም እሰሩት። ወደ ቤት ያዘመመ ባህር ዛፍ ካለ ክረምቱ ሳይገባ ይቆረጥ።

5. ሲመጣ

ልጆቹን አስገቡ፣ ሶኬቶችን ንቀሉ፣ ባትሪና ስልክ ያዙ። የከሰል ምድጃ ግን ይዛችሁ አትግቡ፤ ጭሱ ባይታይም በዝግ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ነጎድጓዱ ካቆመ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ውጡ። መሬት ላይ የወደቀ የመብራት ሽቦ ካያችሁ መብራት የጠፋ ቢመስልም አትጠጉት፤ ጎረቤትም እንዳይጠጋ አስጠንቅቁና ለመብራት ኃይል ደውሉ።