የሽያጭ ምዝገባን በስቶርድ ፕሮሲጀር እንዴት እንሠራለን? (በማይኤስኪውኤል)

የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር መዝገብ ስሠራ ሽያጭ የሚገባው በሁለት በኩል ነበር። በካሸሯ ኮምፒውተርና በሻጮቹ ስልክ። የስልኩን ፕሮግራም ስጽፍ ከክምችት የሚቀንሰውን መስመር ዘለልኩት። ዳታቤዙ አለ የሚለው ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ስቶርድ ፕሮሲጀርን የወደድኩት ያኔ ነው። ሥራው አንዴ ዳታቤዙ ውስጥ ይጻፋል፤ ፕሮግራሞቹ በስሙ ይጠሩታል። አሠራሩ ሲቀየር የምትነኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ከስሪት 5.0 ጀምሮ አለ።

መጀመሪያ ትእዛዞቹን ለየብቻ ሞክሯቸው። አፕዴቱ ክምችት ይቀንሳል፣ ኢንሰርቱ ሽያጩን ይመዘግባል።

ቀጥሎ ዴሊሚተሩን፣ ማለትም ትእዛዝ ማለቁን የሚያሳየውን ምልክት፣ ቀይሩ፤ ሁለት የዶላር ምልክት ይበቃል። አለበለዚያ ትእዛዙን የምትጽፉበት ፕሮግራም የመጀመሪያው ሴሚኮለን ላይ ሲደርስ ፕሮሲጀሩ ያለቀ ይመስለዋል። ስትጨርሱ መልሱት።

ፓራሜትር፣ ማለትም ፕሮሲጀሩ ሲጠራ የሚቀበለውን መረጃ፣ ስትሰይሙ ግን ረጋ በሉ። ሰንጠረዡ ላይ «ኮድ» የሚባል ዓምድ ነበረኝ። ፓራሜትሩንም «ኮድ» አልኩት። የትኛው ረድፍ እንደሚነካ በሚወስነው ዌር ላይ «ኮድ = ኮድ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ የግራው ዓምዱ፣ የቀኙ ፓራሜትሩ ነው ብዬ ነው። ማይኤስኪውኤል ግን ፕሮሲጀር ውስጥ ስሙ ሲመሳሰልበት ሁለቱንም ፓራሜትር አድርጎ ይወስዳል። ፓራሜትሩ ደግሞ ከራሱ ጋር ሁሌም እኩል ነው።

አንድ ደንበኛ አምስት ቆርቆሮ ገዛ። ከሚስማሩም፣ ከቀለሙም፣ ከብረቱም አምስት አምስት ተቀነሰ። ምንም የስህተት መልእክት አልመጣም። የታወቀው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከባለቤቱ ጋር መጋዘኑን እንደ አዲስ ቆጠርን። እሳቸው ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ያመለጠኝ የሞከርኩት አንድ ዕቃ ብቻ ባለበት ሰንጠረዥ ላይ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ፓራሜትሮቼ በሙሉ በ«ፒ_» ይጀምራሉ፦ «ፒ_ኮድ»፣ «ፒ_ብዛት»። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስትሞክሩም ብዙ ዕቃ ያለበት ሰንጠረዥ ይኑራችሁ።

ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ትራንዛክሽን እሰሯቸው፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። አፕዴቱ ላይ ክምችቱ ከ«ፒ_ብዛት» እንዳያንስ የሚል ሁኔታ ጨምሩ። ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተቀየረ የሚነግረውን ሮው ካውንትን እዩ። ዜሮ ከሆነ ዕቃው አልበቃም ወይም በዚያ ኮድ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ ሮልባክ አድርጋችሁ (የተጀመረውን ሰርዛችሁ) ስህተት በሚልከው ሲግናል ለፕሮግራሙ አሳውቁ። ካለ ኢንሰርት፣ ከዚያ ለውጡን የሚያጸድቀው ኮሚት። ለሌላ ስህተት ኤግዚት ሃንድለር፣ ማለትም ስህተት ሲፈጠር ሠርቶ ፕሮሲጀሩን የሚያቆም ክፍል፣ አስቀምጡ። ሮልባክ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሃንድለር ስህተቱን ይውጠዋል፤ ስህተቱን መልሶ ለፕሮግራሙ የሚያሳልፈው ሪሲግናል አይቅር።

ብዙ ሰው ስቶርድ ፕሮሲጀርን የሚያወድሰው በፍጥነቱ ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ትእዛዝ ከመመላለስ አንድ ጥሪ ይሻላል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም ፈቃዱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለሚገባበት ተጠቃሚ ኤክስኪዩት፣ ማለትም ፕሮሲጀሩን የመጥራት ፈቃድ፣ ብቻ ስጡት፤ ሰንጠረዦቹን በቀጥታ አይንካ። ካልቀየራችሁት በስተቀር ፕሮሲጀሩ የሚሠራው በፈጠረው ሰው ፈቃድ ስለሆነ ሽያጩ ይመዘገባል። የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በዚያ ተጠቃሚ ሰንጠረዥ መሰረዝ አይችልም።

ባክአፕ ስትወስዱ፣ ባክአፕ የሚሠራው ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ፕሮሲጀሮችን በራሱ አያወጣም። «ሩቲንስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። የፕሮሲጀሩንም ጽሑፍ እንደ ሌላው ፕሮግራማችሁ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ አስቀምጡት።