ከእርግዝና ስኳር በኋላ የምታጠቢ እናት፣ እነዚህን ስህተቶች አትሥሪ

በእርግዝናዬ ስኳር ተገኝቶብኝ ነበር። በወለድኩ ማግስት ጣቴን ወግተው ሲለኩኝ 92 ሆነ። እናቴ ፈጣሪዋን አመሰገነች፣ እኔም በቃ አለቀ ብዬ መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ልጁን ስትገላገይ ስኳሩንም አብረሽ የተገላገልሽ ይመስልሻል። ስኳሩ የወረደው የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊንሽ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉ ስለነበር ነው፤ እንግዴ ልጁ ሲወጣ እነሱም ይጠፋሉ። ኢንሱሊኑን የሚያመርተው ቆሽትሽ ግን ያው የድሮው ነው፣ ሸክም ሲበዛበት እንደሚቸገር አንዴ አሳይቶሻል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ወደፊት ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በባዶ ሆድሽ ሄደሽ ተለኪ። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ ትጠጫለሽ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግመው ይለኩሻል። የሦስት ወሩን ምርመራ (የሦስት ወር አማካይ ስኳርሽን የሚያሳየውን፣ HbA1c የሚሉትን) ብቻ ሠርተው ደህና ነሽ ቢሉሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ፤ በወሊድ ደም ስለሚፈስ ያ ምርመራ በዚያ ሰሞን ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል። የልጁን የ45 ቀን ክትባት መቼም አትረሺም አይደል? የራስሽንም ምርመራ በዚያው ሰሞን አድርጊው። እኔ ልጄን አቅፌ ሄጄ አስከትቤ ተመለስኩ። ስለ እኔ ስኳር የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላነሳሁም። ልጄ 7 ወር ሲሞላው ስለካ በባዶ ሆዴ 118 ሆኖ ጠበቀኝ፣ ማለትም ስኳር በሽታ ባይሆንም ደጃፉ ላይ ነኝ። ውጤትሽ ጥሩ ቢሆን እንኳ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መለካት አለብሽ።

ሌላው፣ በሁለተኛው ቀን "ወተት የለኝም" ብሎ ወደ ጡጦ መሮጥ። የእርግዝና ስኳር የነበረብን ሴቶች ወተታችን ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። እንገሩ ግን አለ፤ ጥቂት ጠብታ ቢመስልም ለአራስ ሆድ ትልቅ ነገር ነው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት መያዝ አለበት። ማህፀን ውስጥ ያንቺን ስኳር ለመቋቋም ብዙ ኢንሱሊን ሲያመርት ስለቆየ፣ ከተወለደ በኋላ የራሱ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ቅቤ ማላስም ሆነ የስኳር ውሃ ማጠጣት መፍትሔ አይደለም። ባለሙያዎቹ ለክተው ዝቅ ብሏል ካሉ ግን የሚሰጡትን ሕክምና ተቀበያቸው፣ ጡቱንም አታቋርጪ።

ማጥባት ለልጁ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ያሳዝነኛል። ለአንቺም ነው! የወተትሽ ስኳር የሚሠራው ከደምሽ ስኳር ነው። በደንብ የምታጠባ እናት ለወተቷ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ታወጣለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ የእርግዝና ስኳር የነበረባቸውን ወደ 1000 የሚጠጉ ሴቶች ለ2 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ከ10 ወር በላይ ያጠቡት ከ2 ወር በላይ ካላጠቡት ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እንዲህ ሲባል ያጠባ አይያዝም ማለት አይደለም። እኔ ራሴ እያጠባሁ ነው 118 የሆነው።

የአራስ ቤቱ ምግብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጠያቂ ሁሉ ማልታና ለስላሳ ይዞ ይመጣል፣ አጥሚቱ ላይ ስኳር፣ ገንፎው ላይ ማር፣ "ጠጪ እንጂ ወተት እንዲመጣልሽ!" ይሉሻል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወተትን የሚያመጣው ልጁ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው እንጂ ጣፋጭ አይደለም። አጥሚቱን ያለ ስኳር፣ የገብሱን ገንፎ በትንሹ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ውሃ በብዛት። ክብደት ልቀንስ ብለሽም ራስሽን አታስርቢ።

መድኃኒት እወስዳለሁ ብለሽ ጡት አታቋርጪ። ኢንሱሊንም ሜትፎርሚን የሚሉት የስኳር ክኒንም ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። ኢንሱሊን የምትወጊ ከሆነ ግን ስታጠቢ፣ በተለይ ሌሊት፣ ስኳርሽ ሊወርድ ስለሚችል የሚቀመስ ነገር አጠገብሽ ይኑር። አብሽም ስኳር ያወርዳልና የምትጠጪ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ሁለተኛ ልጅ ካሰብሽ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ተለኪ፣ ስታረግዢም በመጀመሪያው ክትትል ቀን ሳትጠየቂ "በፊት የእርግዝና ስኳር ነበረብኝ" በያቸው።