የተጎዳ ዲኤንኤን የሚለይ ፕሮቲን በዓይናችሁ ለማየት

«ይሄ ዶሜይን የተጎዳ ዲኤንኤን ይለያል» የሚለውን የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ ሸምድዶታል፤ ዶሜይን ማለት የራሱ ቅርጽና ሥራ ያለው የፕሮቲን ክፍል ነው። እንዴት ነው የሚለየው? እሱን ማየት ይሻላል። ኢንተርኔት ካላችሁ በቂ ነው፣ ክፍያ የለውም።

የፕሮቲኖች 3ዲ ቅርጽ የሚቀመጥበት ፕሮቲን ዳታ ባንክ ድረ ገጽ ግቡና መፈለጊያው ላይ 1 ቁጥርን፣ ቀጥሎ ኢ፣ ቢ፣ ኤም የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ። የሚመጣላችሁ ኦግ1 የተባለው የሰው ፕሮቲን ነው፣ ዲኤንኤ እንደያዘ። ሥራው 8-ኦክሶጓኒንን፣ ማለትም ኦክስጅን የተጨመረበትን ጓኒን (ጂ የሚባለውን የዲኤንኤ ፊደል ወይም ቤዝ)፣ ቆርጦ ማውጣት ነው። ካልወጣ ዲኤንኤው ሲባዛ በሲ ፈንታ ኤ ይጣመረውና ጂ የነበረበት ቦታ በስተመጨረሻ ቲ ይሆናል። ልብ በሉ፣ እዚህ ያለው ፕሮቲን 249ኛው አሚኖ አሲድ፣ ላይሲን፣ ሆን ተብሎ በግሉታሚን ተተክቶበታል፤ አለዚያ ቤዙን ቆርጦ ስለሚጨርሰው የምናየው ነገር አይኖርም ነበር።

3ዲ ማሳያውን ክፈቱ። መጀመሪያ ዲኤንኤውን በሙሉ እዩት፣ ክፉኛ ጎብጧል። ከዚያ ከላይ ካለው የቅደም ተከተል መስመር 8ኦጂ የሚለውን ንኩ። ቤዙ ከዲኤንኤው ጥምዝ ተገልብጦ ወጥቶ ፕሮቲኑ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ የለቀቀውን ክፍተት ደግሞ 149ኛው አስፓራጂን ሞልቶታል፣ ብቻውን የቀረውን ሳይቶሲንም (ሲ) የያዘው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ማንም ሰው ፕሮቲኑ አዲሱን ኦክስጅን የሚይዝ ነው የሚመስለው። ዙሪያውን ፈልጉ፣ የሚይዘው የለም! ይልቅ 42ኛውን ግላይሲን ፈልጉና ከቤዙ 7ኛ ናይትሮጅን ጋር እንዴት እንደተጠጋ እዩ። ጤነኛ ጓኒን እዚያ ናይትሮጅን ላይ ሃይድሮጅን የለውም፣ የተጎዳው ግን አለው፤ ግላይሲኑም ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሠራው ከዚያች ጋር ነው። እዚህ ኪስ ውስጥ ሁለቱን የሚለያቸው ቀጥተኛ ንክኪ ይሄ ብቻ ነው። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሠራም። እዚያው ድረ ገጽ ላይ 2ኪውኤስጂ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፋችሁ ክፈቱ። የእርሾው ራድ4 ነው፣ በሰው ሴል ውስጥ ኤክስፒሲ የሚባለው ዘመዱ። አልትራቫዮሌት የሚያጣብቃቸውን ሁለት ቲሚኖች ምስሉ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኟቸውም፣ ቋሚ ቦታ ስላልያዙ። ፕሮቲኑ እነሱን አይነካም፤ የሚይዘው ከነሱ ትይዩ ባለው ጤነኛ ገመድ ላይ ያሉትን ሁለት ቤዞች ነው። ጥምዙ የላላበትን ቦታ እንጂ የጉዳቱን ዓይነት ስለማይመርጥ፣ ብዙ ዓይነት ጉዳት ያገኛል። እሱን ስታዩ ቲሚኖቹን ትታችሁ ጥምዙ ውስጥ የገባውን ቤታ ሄርፒን (ወደ ኋላ የታጠፈውን የፕሮቲኑን ክር) ተከተሉ።