የስኳር ቁስል ሲያመረቅዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

መንዝ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። አጎቴ እግራቸውን ምድጃው አጠገብ ዘርግተው ይሞቁ ነበር። አንድ ጠዋት ካልሲያቸው መግል ነክቶት አየን። አውራ ጣታቸው ሥር ተቃጥሎ ሰንብቷል። "አያመኝም እኮ!" አሉ።

አንደኛው ስህተት ይሄው ነው፤ ሕመም መጠበቅ። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ቁስሉ አጥንት ቢደርስም ላይሰማ ይችላል። ዓይንና አፍንጫን ማመን ይሻላል፤ እብጠት፣ መግል፣ ሽታ። ቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙም አይለይም። በእጅ ጀርባ ዳስሰው ከሌላኛው እግር ከሞቀ ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን መነስነስ። አጎቴም አድርገውታል፤ ያላደረገ ማን አለ? ዱቄቱ ከመግሉ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሆናል፤ ከሥሩ ባክቴሪያው እንደልቡ ይራባል። ቡናና ቅቤም ያው ናቸው። በቆየ ቁስል ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ንፍጥ መሰል ሽፋን ሠርተው ይደበቃሉ። የሚዋጠው መድኃኒት ብቻውን እዚያ ድረስ በደንብ አይዘልቅም። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ በምላጭ የሚያነሳው ለዚህ ነው። አጎቴ ግን "ቁስሌን አሰፋብኝ" ብለው ሳምንት ሙሉ ተቀይመዋል።

ለላቦራቶሪ የሚላከው ናሙናም ቢሆን ከላይ ካለው መግል በጥጥ ከተወሰደ ቆዳ ላይ የሚኖረውን ሁሉ ያሳያል። ቁስሉ ከጸዳ በኋላ ከውስጥ ሥጋው ሲወሰድ ነው ጥፋተኛው ባክቴሪያ የሚለየው።

አንቲባዮቲክ ላይ ሁለት ጥፋት አለ። አንዱ ላላመረቀዘ ቁስል መዋጥ፤ ቁስሉን አያደርቀውም፣ ባክቴሪያውን ግን መድኃኒት ያላምደዋል። ሌላው "ደረቀልኝ" ብሎ ማቋረጥና የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት። ሥጋ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል። አጥንት ከገባና አጥንቱ ካልተቆረጠ ወደ 6 ሳምንት ይጠጋል።

መድኃኒቱን እየዋጡ በዚያው እግር ገበያ መውረድም አለ። እየተረገጠ የሚድን ቁስል የለም። ስኳሩ ካልወረደም ሰውነት ባክቴሪያውን መዋጋት ያቅተዋል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጠቆረ ጣት፣ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ካለ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

አጎቴ ዛሬም ምድጃው ጋ ይቀመጣሉ። እግራቸውን ግን በባና ጠቅልለው ወደ በሩ ያዞሩታል።