የታሸጉ የሕክምና መሣሪያዎችን ሎት እንዴት እንመርምር?

ሎት (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ የዕቃ ስብስብ) ሲቀርብላችሁ መለኪያ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ። የዕቃው ቁጥር፣ የሎት ቁጥሩና በተለይ የስዕሉ ሪቪዥን (ስንተኛ እትም እንደሆነ) ከሥራ ትዕዛዙ ጋር ይመሳከር። በአሮጌ ሪቪዥን የተለካ ሎት ልኬቱ ትክክል ቢሆንም ውሳኔው ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የመለኪያው የካሊብሬሽን (የትክክለኛነት ማረጋገጫ) ተለጣፊ ይታይ። ቀኑ ካለፈ፣ ዜሮው ልክ ቢመስልም፣ አትጠቀሙበት። ከማሽን ገና የወጣ ፕላስቲክ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ወዲያው አይለካም፤ የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ናሙና ስንት? በአይኤስኦ 2859-1 (ዓለም አቀፍ የናሙና አወሳሰድ መስፈርት) መደበኛ ምርመራ፣ ደረጃ 2፣ ለ1,000 ፍሬ ሎት 80 ናሙና ይወሰዳል። ኤኪውኤል (ተቀባይነት ያለው የጉድለት መጠን ወሰን) 1.0 ከሆነ እስከ 2 ጉድለት ያልፋል፣ 3 ከተገኘ ሎቱ ይወድቃል። ሦስተኛው ከመጣ በኋላ «ሌላ አሥር እንጨምር» ብሎ ነገር የለም። ታካሚን ሊጎዳ ለሚችል ጉድለት ግን ዕቅዱ የሚያሳልፈው ጉድለት ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው፤ አንድ ከተገኘ በቃ። ናሙናውን ከላይኛው ካርቶን ብቻ አትልቀሙ። የማሸጊያ ማሽኑ ሙቀት መሃል ላይ ወርዶ ከነበረ ብልሹዎቹ የሚገኙት በዚያ ሰዓት በታሸጉት ካርቶኖች ውስጥ ነው።

ትልቁ ሥራ የተጣበቀው ጠርዝ ላይ ነው። አንዱ ወገኑ ወረቀት፣ ሌላው ግልጽ ፕላስቲክ የሆነውን ከረጢት ከፕላስቲኩ በኩል፣ ብርሃን ሥር አጋድላችሁ እዩት፦ ሽብሽብ፣ ያልተጣበቀ ቦታ፣ የተቃጠለ መስመር፣ ከተወሰነው የጠበበ ስፋት። ዓይን ለሚያመልጠው የቀለም ምርመራ አለ፤ ኤኤስቲኤም (የፍተሻ መስፈርት አውጪ ድርጅት) ያወጣው ኤፍ1929 የተባለው ዘዴ 50 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውን መተላለፊያ ይይዛል። ቀለሙን በመርፌ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሩና በየጠርዙ፣ መመሪያው በሚለው ሰከንድ ልክ፣ አስተኙት። ከዚያ በላይ ከቆየ ወረቀቱ ራሱ ቀለም ይመጥና ደህናው እሽግ የሚያፈስ ይመስላል። የመጠጠ ወረቀት በየአቅጣጫው ወጣ ገባ እያለ ይሰፋል፤ እውነተኛ ፍሳሽ ግን የተጣበቀውን ስፋት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ነው። የተመረመረው ከረጢት ይወገዳል፣ ከቆጠራውም ይቀነሳል።

የተጣበቀውን ጠርዝ ለመላጥ የሚያስፈልገውን ኃይል በሚለካው የመላጥ ምርመራ (ኤኤስቲኤም ኤፍ88) አማካዩን ብቻ አትመኑ፤ እያንዳንዱን ንባብ እዩ። ዝቅ ካለ ሙቀቱ፣ ግፊቱ ወይም ማሽኑ ጠርዙን የጨመቀበት ጊዜ አንሷል። በጣም ከፍ ማለቱም ደግ አይደለም፦ ሲከፈት ወረቀቱ ይቀደድና ብናኙ ከተሕዋስያን የጸዳው መሣሪያ ላይ ይወድቃል።

ቁጥር የሚጠይቅ ቦታ ላይ «ደህና» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያነበባችሁትን ጻፉ፣ ያኔውኑ። ስትሳሳቱ የመጀመሪያው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ትክክለኛውን፣ ፊርማችሁን፣ ቀኑንና ምክንያቱን አስቀምጡ። እርሳስና ማጥፊያ ቀለም ጠረጴዛችሁ ላይ ባይኖር ይሻላል።

ሎቱ ከወደቀ ቀይ መለያ ለጥፋችሁ በተቆለፈ የለይቶ ማቆያ ቦታ አኑሩት፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ያለፈ ካለም አስመልሱ። ይታረም፣ ይጣል ወይስ እንዳለ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው የተመደበው ኮሚቴ እንጂ መርማሪው አይደለም። ምርት ክፍል «ከገደቡ ያለፈው እኮ ትንሽ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ገደቡ 4.00 ሚሊሜትር ከሆነ 4.02 ውጭ ነው። እንደገና መለካት የሚፈቀደው መጀመሪያ የተለካበት መንገድ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዕቃው ዘንበል ብሎ ከተያዘ፣ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለቱም ንባቦች ከነምክንያታቸው መዝገቡ ላይ ይቀመጣሉ።