ለድሮው መላጊያ ማሽን ስፒና ያገኘሁበት መንገድ

ጅማ እንጨት ሥራ ላይ ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ፣ በስፒና ምክንያት ብቻ ደህና ማሽን ጥግ ተጥሎ ሳይ ያንገበግበኛል። የኛ መላጊያ የድሮ የጀርመን ነው፣ ስፒናው ፔሪሌክስ የሚባለው ጠፍጣፋ አምስት እግር ያለው፣ አንዱ እግር ግሎ ግሎ ጠቁሯል ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቀልጧል። ሂርማታ አካባቢ ያሉ ሱቆችን ዞርኩ፣ የለም። አዲስ አበባ መርካቶ ላለ ባለሱቅ ፎቶ ላክሁለት፣ «ወንድሜ ይሄን አትልፋበት፣ ቀዩን ኢንዱስትሪያል ስፒና ውሰድ» አለኝ፣ እውነቱን ነው።

መፍትሄው ስፒናውንም ሶኬቱንም አብሮ መቀየር ነው። ቀዩ ለ380 ቮልት ስሪ ፌዝ (ኃይል በሦስት ገመድ የሚመጣበት) ነው፣ ሰማያዊው ለ220። 16 አምፔርና 32 አምፔር መጠናቸው ስለሚለያይ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩ ታርጋ ላይ ያለውን አምፔር አንብቡ። ሞተር ብቻ ከሆነ ባለ አራት እግር ይበቃል፣ የኛ ግን በ220 የሚሰራ መብራት ስላለው ኒውትራል (የመመለሻ ገመድ) ይፈልጋል፣ ባለ አምስት ገዛሁ።

ብሬከር አጥፍቼ በቴስተር አረጋግጬ ነው የፈታሁት። አረንጓዴና ቢጫው ገመድ ወፍራሟ እግር ላይ፣ ግራውንዷ እሷ ናት፣ በእሷ ቀልድ የለም። የገመዱን ጫፍ ትንሽ ቆርጬ ንጹህ መዳብ እስኪመጣ ላጥኩት፣ ቪቱን በካቻቢቴ ጥብቅ፣ ላልቶ ከቀረ ያው መልሶ ይቃጠላል። ስናስነሳው በተቃራኒ ዞረ፣ አጥፍተን ሁለት የፌዝ ገመዶች አቀያየርን፣ ተስተካከለ። ለጅማ ዝናብ ደግሞ ክዳን ያለውን ሶኬት ምረጡ።